ከእነዋሪ ደጋ እስከ አዋሽ በረሃ፦ የተማሪዎች ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?



ፈተና አልቆ የእረፍት ጊዜ ሲቃረብ በየዶርሙ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ «ዘንድሮ ወዴት እንሂድ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ሐይቅ ወይም ከተማ ይሆናል። እኛ በዚህ እትም ሌላ አቅጣጫ እናሳያችሁ ብለናል፤ በረሃውን። ከመካከላችን ከእነዋሪ፣ ከደነባና ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ያደግነው በብርድና በመረሬ መሬት ላይ፣ ስንዴና ጤፍ ሲዘራ፣ የጅሩ ሰንጋ ሲደልብ እያየን ነው። ነገር ግን ከደጋው ጫፍ ላይ ቆመን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት ከታች በጭጋግ ተሸፍኖ የሚታየው ቆላ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ ከእኛ ታሪክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የምናውቀው ትንሽ ነው።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ጋሺያ ሰዎች ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራሮችንና የተዘረጋችውን ምድር እንዲያስተውሉ ይጋብዛል። እነዚህን አራቱንም በአንድ ቀን ጉዞ ማየት የሚቻልበት አገር ላይ ነው የምንኖረው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ያብራራል፦ በረሃው ለምን እዚያ እንደሆነ፣ በመንገዱና በፓርኮቹ ምን እንደሚታይ፣ ጉዞውም በዲንም በዱንያም ጤናማ እንዲሆን ምን መዘጋጀት እንዳለበት።

በረሃው ለምን ከእግራችን ሥር ሆነ?

እነዋሪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህን ስናሰላ የከፍታው ልዩነት ብቻውን አሥር ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሶ ከእነዋሪ የወጣ ተማሪ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ላይ በሸሚዝ የሚያልበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ ግን ብቻውን በረሃ አያደርግም፤ የዝናብ እጥረትም አለ። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ወደ ደጋው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያወርዳል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ደግሞ እርጥበቱን ጨርሷል፤ በዚያ ላይ ሲወርድ ስለሚሞቅ ይበልጥ ይደርቃል። አዋሽ አካባቢ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ወደ ሰሜን ወደ አፋር ውስጠኛው ቆላ በተሄደ ቁጥር መጠኑ ከ200 በታች ይወርዳል።

ሦስተኛው ምክንያት ከምድር ሥር ነው። ስምጥ ሸለቆው የተፈጠረው የመሬት ቅርፊት ቀስ በቀስ ስለሚለያይ ነው። በአፋር ሦስት ቅርፊቶች፣ የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ፣ እየተራራቁ ይገኛሉ። ፍጥነቱ በዓመት በሚሊሜትር የሚለካ ቢሆንም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ መካከለኛው መሬት ሰምጦ ዳርና ዳሩ ገደል ሆኖ ቀርቷል። አንኮበርና ጣርማ በር የዚያ ገደል አፋፍ ናቸው።

ይህ አፋፍ ውሃንም ይከፍላል። በእነዋሪ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአፋፉ በምሥራቅ በኩል የወረደው ዝናብ ግን እንደ ከሰም ባሉ ወንዞች አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሁለት ጠብታ ዝናብ በአንድ ተራራ ላይ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ቢወርዱ መጨረሻቸው ይህን ያህል ይራራቃል።

መንገዱ፦ ከጀማ አፋፍ እስከ አሊዩ አምባ

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት እነዋሪ ራሷ የምታሳየው አላት። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ሜዳው በድንገት ይቆረጥና የጀማ ሸለቆ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይከፈታል። በገደሉ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም አይገኝም፤ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ብቸኛው የዝንጀሮ ዘርም ነው። በጀማና በአባይ ሸለቆዎች ብቻ የሚኖር የቆቅ ዝርያም ስላለ ወፍ ተመልካቾች ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

ከእነዋሪ በደነባ በኩል ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ አንኮበር እንገባለን። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ብዙም የማይነገረው ግን ከሥሯ ስላለችው አሊዩ አምባ ነው። አሊዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከሐረር፣ ከአውሳና ከታጁራ ወደብ የሚነሱ ቅፍለቶች በረሃውን አቋርጠው የሚደርሱት ወደዚህ አካባቢ ነው። አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ሌላውም ዕቃ ከቆላ ይመጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና የደጋው ምርት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊልያም ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣውም ከታጁራ ተነስቶ ይህንኑ የግመል መንገድ ተከትሎ ነው። የአካባቢው አርጎባዎች ዛሬም በደጋውና በቆላው መካከል ባለው ተዳፋት ላይ ይኖራሉ፤ በሽመናቸው፣ በንግዳቸውና በዲን ትምህርት የታወቁ ሕዝብ ናቸው።

ታሪኩ ከዚያም ይቀድማል። ይህ ተዳፋት የኢፋት ሱልጣኔት ምድር ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 ከእሱ በፊት የነበረውን የመኽዙሚ የሸዋ ሱልጣኔት ተክቶ፣ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ለረጅም ጊዜ ተቆጣጥሯል። በቅርብ ዓመታት ፈረንሳውያን የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን በተዳፋቱ ሸንተረሮች ላይ በድንጋይ የተሠሩ የከተማ ፍርስራሾችን፣ መስጊዶችንና የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸውን የመቃብር ድንጋዮች አጥንተዋል። ኖራና አስባሪ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ይህን ማወቅ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? በረሃ «ምንም የሌለበት» የሚመስለው ሰው በመንገዱ ላይ የተነባበረ ድንጋይ ሲያገኝ ቁጭ ይልበታል ወይም ያነሳዋል። ያ ድንጋይ የስምንት መቶ ዓመት የመስጊድ ግድግዳ ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ግን ይጠነቀቃል። ከፍርስራሽ ቦታ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ ወይም ሳንቲም አለማንሳት የመጀመሪያው አደብ ነው። መቃብር ስናገኝም ሰላምታ ሰጥተን፣ ዱዓ አድርገን፣ ሳንረግጥ እናልፋለን።

ከዚህ በኋላ ወደ አዋሽ ለመሄድ ምርጫ አለ። ከአሊዩ አምባ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው መንገድ አጭር ነው፤ ነገር ግን ለትልቅ አውቶቡስ ምቹ መሆኑን በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሹፌሮች መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ በአዳማና በመተሐራ በኩል መሄድ ነው። ይህኛው ይረዝማል፤ ለብዙ ተማሪ የሚመከረው ግን እሱ ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዋናው የጅቡቲ አስፋልት በመካከሉ ያልፋል።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ምን ይታያል?

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ አሸዋ የሞላበት በረሃ አይደለም፤ ግራርና ቁጥቋጦ ያለበት ደረቅ ሜዳ ነው። ወፎቹ ከ450 ዝርያ በላይ ናቸው። ከትልልቆቹ እንስሳት በቀላሉ የሚታየው ሳላ ነው፤ ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ፣ በፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት ያለው። የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ አጋዘንና ዝንጀሮም አሉ። አንበሳና ጅብ ቢኖሩም ቀን ቀን ማየት ዕድል ይጠይቃል። ወጥቶ እንስሳ ለማየት የሚሻለው ከንጋት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰውም እንስሳም ጥላ ይፈልጋል።

ሳላ በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ እንዴት ይቆያል? ተመራማሪዎች እንደደረሱበት ቀን ላይ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል እንጂ ላብ እያወጣ ውሃውን አያባክንም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያጠራቀመውን ሙቀት ይለቃል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ደግሞ በአፍንጫው አካባቢ በቀዘቀዘ ደም አጠገብ ስለሚያልፍ ሰውነቱ ቢግልም አንጎሉ ይጠበቃል። የሚግጠውም በአብዛኛው ሌሊት፣ ቅጠሉ ከአየሩ እርጥበት ሲስብ ነው።

ግመልም ከዚህ የማያንስ ነገር አለው። ሻኛው ውስጥ ያለው ብዙዎች እንደሚያስቡት ውሃ ሳይሆን ስብ ነው። ስቡ በአንድ ቦታ መከማቸቱ የቀረው ሰውነት ሙቀት በቀላሉ እንዲያስወጣ ይረዳዋል። የግመል ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌሎች አጥቢዎች በተለየ ሞላላ ናቸው፤ ስለዚህ ተጠምቶ ደሙ ሲወፍር በጠባብ ሥር ማለፍ ይችላሉ፣ በአንድ ጊዜ ከመቶ ሊትር በላይ ሲጠጣም አይፈነዱም። ከላይ የጠቀስነው የቁርኣን ጥሪ ለምን ከግመል እንደጀመረ በክፍል ውስጥ ከማንበብና እዚያው በረሃው ላይ ቆሞ ከማሰብ የቱ እንደሚበልጥ ሄዳችሁ ፍረዱ። ሱብሓነላህ!

ከእንስሳቱ ሌላ ሦስት ቦታዎች አሉ። የአዋሽ ፏፏቴ ወንዙ ወደ ጥልቅ ገደል የሚገባበት ነው፤ በክረምትና ከክረምት በኋላ ውሃው ደፍርሶ በኃይል ይወርዳል። በወንዙ አዞ ስላለ መዋኘት ቀርቶ ዳር ላይ ተቀምጦ እግር መንከርም አደጋ ነው። በሰሜን በኩል በዘንባባ ዛፎች የተከበበ ፍልውሃ አለ፤ ውሃው ጥርት ያለና ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። ሦስተኛው የፈንታሌ ተራራ ነው፤ ከፍታው 2,007 ሜትር፣ አናቱ ላይ ሰፊ ጎድጓዳ ያለው እሳተ ገሞራ።

ፈንታሌ የሞተ ተራራ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ተደጋግሞ ተንቀጥቅጧል። በየካቲት ወር የደረሰው ትልቁ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ገደማ ነበር። መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ስለዚህ ወደ ተራራው ለመውጣት ያሰበ ቡድን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የወቅቱን መረጃ ሳይይዝ መነሳት የለበትም።

ከመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅም የሚያስገርም ነው። ብዙ የአገራችን ሐይቆች ሲሸሹ እሱ ይስፋፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ከመሬት ሥር የሚመጣው ውሃና በአካባቢው የሚደረገው መስኖ እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ የሸፈነውን ግጦሽና እርሻ ያጠፋል፤ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም ሲፈታተን ኖሯል።

ፓርኩ የማን ነው?

አዋሽን የሚጎበኝ ተማሪ በፓርኩ ውስጥ ከብትና ግመል ሲሰማራ ማየቱ አይቀርም። ብዙ ጎብኚ «እነዚህ ሰዎች ፓርኩን አጠፉት» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን ከዚህ ይወሳሰባል።

ከረዩ፣ ኢቱና አፋር አርብቶ አደሮች በዚህ ምድር ላይ ፓርኩ ከመቋቋሙ በፊት ይኖሩ ነበር። በበጋ ወደ አዋሽ ዳር፣ በዝናብ ጊዜ ወደ ሜዳውና ወደ ፈንታሌ ግርጌ እየተዘዋወሩ ያረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ወንዙ ዳር ያለው ለም መሬት ለመተሐራ የስኳር አገዳ እርሻ ተሰጠ፤ በዚያው አስርት ዓመት ሌላው የግጦሽ መሬት ፓርክ ሆነ። ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበት ቦታ በሁለት በኩል ጠበበ። ከብታቸውን ወደ ፓርኩ ካላስገቡ ያልቃል፤ ካስገቡ ደግሞ ሳላውና የሜዳ ፍየሉ ግጦሽ ያጣል። በዚህ ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ሸፍኗል።

ይህ ማለት የዱር እንስሳቱ መጥፋት ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ሳላው ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ነገር ግን ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ደግሞ በሰው ቤት ገብቶ ዳኛ አይሆንም፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ከመካከላችሁ የግብርና፣ የእንስሳት ሳይንስ፣ የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች አላችሁ። የነገ ውሳኔ በእጃችሁ ሊገባ ይችላልና ሁለቱንም ወገን ሳትሰሙ አትመለሱ።

በተግባር የሚጠበቅብን ይህ ነው። ሰው፣ በተለይ ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሳት። ሰላምታን ማስቀደም፤ አፋሮችም ብዙዎቹ ከረዩዎችም ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» ቋንቋ የማይጠይቅ መግቢያ ነው። ለልጆች ከረሜላና ብር እየበተኑ አለማስለመድ፤ መርዳት የፈለገ በአካባቢው ሽማግሌ ወይም ኢማም በኩል ያድርግ። የውሃ ጉድጓድና ፍልውሃ ላይ የከብቶቹን ተራ ማክበር፣ በሳሙናና በፕላስቲክ አለመበከል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ መጸዳዳትን ከልክለዋል። በበረሃ ውሃና ጥላ ምን ያህል ውድ እንደሆኑ ያየ ሰው የዚህን ክልከላ ጥበብ በደንብ ይረዳዋል።

ከአዋሽ ወዲያ

ጊዜና አቅም ላለው ከአዋሽ በኋላ ሌላም አለ። በስተምሥራቅ ሀላይደጌ አሰቦት ይገኛል፤ ሜዳው ላይ ግሬቪ የሚባለው ቀጭን መስመር ያለው የሜዳ አህያ ይኖራል፣ ይህም በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው። ወደ ሰሜን ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ያለው የሜዳ አህያን ሳይሆን የዱር አህያን ለመጠበቅ ነው፤ የቤት አህያችን ዘር የመጣው ከእሱ ወገን ሲሆን የቀረው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲያ ሀዳር አለ፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሉሲ ወይም ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ቦታ ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ኤርታሌና ዳሎል የብዙዎቻችን ሕልም ናቸው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው። ለመጀመሪያ የተማሪ ጉዞ ግን አንመክረውም። ልዩ መኪና፣ የአካባቢ መሪና ጥበቃ፣ ብዙ ወጪም ይጠይቃል። በአዋሽ ጀምሩ።

ሶላት፣ ውሃና ቂብላ በመንገድ ላይ

ከእነዋሪ አዋሽ የሚሄድ ሰው ሙሳፊር ነው። አብዛኞቹ ዑለማ ሶላት ለማሳጠር የሚያስችለውን ርቀት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አድርገው ይገምቱታል፤ ጉዟችን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ቀስር የሚጀምረው ከከተማው ቤቶች ከወጣን በኋላ ነው እንጂ ቤት ሆነን አይደለም። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሆናሉ፤ ሱብሒና መግሪብ አይቀነሱም። ነዋሪ የሆነ ኢማም ተከትሎ የሰገደ መንገደኛ ግን አራቱን ያሟላል።

ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመር (ጀምዕ) በሻፊዒይ መዝሀብና በአብዛኞቹ ዘንድ ለመንገደኛ ይፈቀዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ዙህርን ወደ ወቅቱ መጨረሻ አዘግይቶ፣ ዐስርን በወቅቱ መጀመሪያ በመስገድ ይከናወናል። በአንድ መኪና የሁለቱም ተከታይ ሊኖር ስለሚችል ከመነሳታችን በፊት ከኡስታዝ ጋር ተማክረን አንድ አሠራር እንያዝ፤ መንገድ ዳር ቆሞ መከራከር ሙቀቱንም ፊትናውንም ያበዛል።

ቂብላ ለዚህ ጉዞ እጅግ ቀላል ነው። መካ ከእኛ ቀጥታ በሰሜን በኩል ናት ማለት ይቻላል፤ ከእነዋሪ በጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፣ ከአዋሽ ደግሞ በጥቂት ዲግሪ ወደ ምዕራብ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ስልክ ቢዘጋ እንኳ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በግራ እጃችን በኩል አድርገናት ብንቆም ፊታችን ወደ ቂብላ ነው።

ውሃን በተመለከተ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ ከአንድ ሊትር ያነሰ፣ ሁለት ሦስተኛ ሊትር ገደማ ነው። ቧንቧ ከፍተን ከምናፈሰው ጋር አነጻጽሩት። የያዝነው ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሰውም የእንስሳም ጥማት ይቀድማል፤ ወደ ተየሙም እንሄዳለን። ተየሙም አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን ማቅለያ ስለሆነ «ልቤ አይረጋም» ብሎ የመጠጥ ውሃን በውዱእ ጨርሶ ጓደኛን ማስጠማት ተገቢ አይደለም።

የእህቶችን ጉዞ በተመለከተ የመሕረም ጉዳይ አለ፤ ዑለማም በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አቋም አላቸው። አዘጋጆች ይህን ከምዝገባ በፊት ከኡስታዝ ጋር መጨረስ፣ የመኪና መቀመጫውንና ማደሪያውን አስቀድመው መለየት አለባቸው። ጉዳዩን ለመጨረሻ ቀን ትቶ እህቶችን ማስቀረት ወይም ማስጨነቅ የአደራ ጉድለት ነው።

ዝግጅት፦ ሕይወት ላይ ቀልድ የለም

አሚር ምረጡ። ሦስት ሰው እንኳ ለጉዞ ሲወጣ አንዱን መሪ እንዲያደርግ በሐዲስ ታዟል። አሚሩ ስለ ሰዓት፣ ስለ መንገድና ስለ መመለስ ይወስናል፤ ሌላው ይታዘዛል።

ውሃን አስሉ። በሙቀት ለአንድ ሰው ለመጠጥ በቀን 5 ሊትር፣ ለውዱእ 2 ሊትር እንያዝ። ለሠላሳ ተማሪ 210 ሊትር ይሆናል፤ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥራ አንድ። ይህ ለአንድ ቀን ነው።

ሙቀትን እወቁ። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት በፀሐይ አትሂዱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መድከም ሲጀምር ወደ ጥላ፣ ውሃና ኦ አር ኤስ። አንድ ሰው ግራ ሲጋባ፣ ንግግሩ ሲዛባ ወይም ሲወድቅ ግን የሕይወት አደጋ ነው፤ ልብሱን አላልታችሁ፣ ገላውን በውሃ አርሳችሁ፣ እያራገባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ፍጠኑ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

ወባን አትርሱ። እነዋሪ ላይ ወባ የለም ብለን የምንዘናጋው እኛ ነን። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቆላ ግን አለ። አጎበር ያዙ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢጀምራችሁ ለሐኪሙ «ቆላ ሄጄ ነበር» ብላችሁ ንገሩ።

መኪናውንና ሹፌሩን ፈትሹ። ከደጋው ሲወረድ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መሄድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ጎማና ትርፍ ጎማ፣ የራዲያተር ውሃ ይታይ። በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይበዛል፤ ግመልና ከብትም ድንገት ይገባል። በሌሊት አትጓዙ። ሹፌሩ ደከመኝ ሲል «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ መገፋፋት በራስም በሰውም ሕይወት ላይ መጫወት ነው።

ጸጥታውን አጣሩ። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋም ሆነ በአጎራባች አካባቢዎች መንገድ የተዘጋበትና ሰው የተጎዳበት ጊዜ ነበር። በሳምንቱ መንገዱን ከተመላለሱ ሹፌሮች፣ ከመናኸሪያና ከአካባቢው አስተዳደር ጠይቁ፤ ለቤተሰብም አሳውቁ። መረጃው ካላረጋጋ ጉዞው ይቅር። ገንዘቡ ተከፍሏል ብሎ መሄድ ተወኩል አይደለም፤ ተወኩል ሰበቡን አድርሶ ከዚያ በአላህ መመካት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቆላ ጉዞ ይሻላል፤ ግንቦትና ሰኔ እጅግ ይሞቃሉ። ፓርክ ስትገቡ የተማሪ መታወቂያ ያዙ፣ የፓርኩን ጥበቃ ሠራተኛ ሳትይዙ ከመኪና አትውረዱ፣ ያስገባችሁትን ፕላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ውጡ።

የጉዞ ዓላማው ፎቶ ብቻ ከሆነ ፎቶው በስልክ ይገኛል። ከደጋው ጫፍ የምናየው ጭጋግ ሥር ሰው፣ ታሪክ፣ ውሃና ፍጥረት እንዳለ አውቀን ከተመለስን ግን ጉዞው ዒልም ሆኗል። የሚቀጥለውን ጉዞ ለማስተባበር የምትፈልጉ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የጀመዓውን አስተባባሪዎች አነጋግሩ፤ ስም ከማስመዝገባችሁ በፊት ግን የጀሪካኑን ስሌት አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት።

አላህ የወጣውን በሰላም ያውጣ፣ የሄደውን በሰላም ይመልስ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።